ለአጥቢያ ቅርስ ጥገና የመንግሥት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? ለጎጃም ደብሮች፣ ገዳማትና ወረዳዎች

"ደብራችን ሊፈርስ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ ነው?" ከምሥራቅም ከምዕራብም ጎጃም ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። የቢሮው ስም ግን በኋላ ይደረስበታል። የትኛውም ቢሮ መጀመሪያ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ቅርሱ ተመዝግቧል ወይ? ጉዳቱ ተለክቷል ወይ? ሥራው ፈቃድ አለው ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይከርማል።

የነገሩ መነሻ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አንቀጽ 19 ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ጥገና እንዳይካሄድ ይከለክላል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ከፊሉን ለመሸፈን ሊረዳ እንደሚችል ይገልጻል። ሙሉውን ይሸፍናል አይልም፤ ግዴታም አላደረገውም። ስለዚህ የራሱን ድርሻ ያላሳየ ጥያቄ ገና ከመነሻው ደካማ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎችና ሰነዶች

ለልኬት፦
- 5 ሜትር የብረት ሜትርና 30 ሜትር የጨርቅ ሜትር
- ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ ባትሪ
- 1 ሜትር ዘንግ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ነጭና ጥቁር የተቀባ
- ካሜራውና የቦታ መጠቆሚያው የሚሠራ ስልክ
- ግማሽ ኪሎ ጄሶ፣ ሚሊ ሜትር ወረቀት፣ እርሳስ

ለማኅደሩ (ለጥያቄው ሙሉ ፋይል)፦
- የቅርስ ምዝገባ ቅጽ ቅጂ
- የይዞታ ማረጋገጫ
- የሰበካ ጉባኤ ወይም የቀበሌ ቃለ ጉባኤ
- የባንክ ሒሳብ መግለጫ
- ከሦስት አቅራቢ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ

1. ቅርሱ መመዝገቡን አረጋግጡ

ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና የምዝገባ ቅጹን ቅጂ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተመዘገበው መስቀሉ፣ ብራናውና ዘውዱ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሕንፃው ወይም ፍርስራሹ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ሆኖ ለብቻው ቅጽ አልተሞላለትም። ይህ ካልተስተካከለ የሕንፃ ጥገና ገንዘብ የሚያርፍበት ስም የለም። እንደ መርጡለ ማርያም የቆመ ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ፍርስራሽ አንድ ግቢ ውስጥ ካሉ ሁለቱን በየራሳቸው አስመዝግቡ። የጥገናቸው ዓይነትም ዋጋቸውም ይለያያል።

ቦታውን በስልክ ስትወስዱ ከቁጥሩ አጠገብ "ደብሊው ጂ ኤስ 84፣ ዞን 37 ሰሜን" ብላችሁ ጻፉ፤ ስልኩ ቦታ የሚለካበት ሥርዓት ስም ነው። የቆየው የ1፡50,000 ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል ሌላ የልኬት መነሻ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይሸሽና ቅርሱ ከይዞታችሁ ውጭ፣ የሰው ማሳ ላይ ወድቆ ይታያል።

በአዋጅ ቁጥር 839/2006 መሠረት ቅርሱ በአገር አቀፍ ወይስ በክልል ደረጃ እንደተሰየመም ጠይቁ። የአገር አቀፍ ከሆነ ጉዳዩ እስከ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል፤ የክልል ከሆነ ዋናው በር ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ነው።

2. ሊወድቅ የደረሰውን በጊዜያዊነት ደግፉ

ለወረዳው በጽሑፍ አሳውቃችሁ የሚያዘነብለውን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ባላ አስደግፉ። ባላው ከመሬት ጋር 60 ዲግሪ ያህል ይያዝ። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ጣውላ አግቡበት፤ ያለ ጣውላ ጫናው አንድ ድንጋይ ላይ አርፎ ያንኑ ድንጋይ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሁን፤ አለበለዚያ የክረምት ጭቃ ውስጥ ይሰምጥና ድጋፉ ከንቱ ይሆናል። የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ሸራ ዘርጉ። በዚህ ደረጃ ምስማር፣ ሲሚንቶና ቀለም ወደ ቅርሱ አይቅረቡ።

ግድግዳው ላይ የበቀለ ሾላ ወይም ዋርካ ካለ አትንቀሉት። ሥሩ ድንጋዩን ይዞት ይወጣል። ግንዱን ቆርጣችሁ፣ የሚያቆጠቁጠውንም እየቆረጣችሁ እዚያው እንዲደርቅ ተዉት፤ የደረቀው ሥር በጥገናው ጊዜ መጋጠሚያው ሲከፈት ይወጣል።

3. ጉዳቱን ለኩ፣ ቀኑንም ጻፉ

አብዛኛው ማኅደር የሚወድቀው እዚህ ነው። "በእርጅና ምክንያት ተጎድቷል" የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም ባለሙያ ምንም አይነግረውም።

- ፕላኑን በ1፡100፣ የተጎዳውን ክፍል በ1፡20 ሣሉ። ለእያንዳንዱ ጉዳት ቁጥር ስጡ፤ የፎቶውም ቁጥር ያው ይሁን።
- ፎቶውን ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ አንሡ። በቅርቡ ፎቶ ላይ ባለ ቀለሙ ዘንግ ይታይ፤ ያለ እሱ ስንጥቁ የፀጉር ክር ይሁን የእጅ መዳፍ አይለይም።
- ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፉ፦ ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ። ቀኑን ጻፉበትና በየሁለት ሳምንቱ እዩት። ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው፤ መሠረቱ ሳይታይ መጋጠሚያ መሙላት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ሙሉ ክረምት ካለፈበትና ካልተሰነጠቀ ጉዳቱ የቆየ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጄሶው በባዶ ድንጋይ ላይ እንጂ ሥዕል ባለበት አይለጠፍ።
- ውኃው ከየት እንደሚመጣ ተከታተሉ። ዝናብ ሲዘንብ ግቢው ውስጥ ሆናችሁ የጣሪያው ጠብታ የሚያርፍበትንና የሚተኛበትን ቦታ ፕላኑ ላይ አስፍሩ። ከምታነሡት ፎቶ ሁሉ ይህ ማስታወሻ ለባለሙያው ይበልጥበታል።

መቅደስ ውስጥ ምእመን አይገባም። ስለዚህ የመቅደሱን ፎቶና ልኬት የሚወስደው ካህን ወይም ዲያቆን ነው። በዋዜማው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ አለማምዱት፦ ሜትሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ ዘንጉን የት እንደሚያቆም፣ ፎቶውን በስንት ቁጥር እንደሚሰይም። ታቦቱ ያለበት አቅጣጫ ከፎቶው ውጭ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቅጂው ብዙ ቢሮ ይዞራል።

እንደ ዘጌዎቹ ገዳማት ሥዕሉ በሸራ ተሥሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነ፣ የላላውን ሸራ አትቸንክሩ፤ በውኃም በዘይትም አትወልውሉት። ፎቶ አንሥታችሁ ጉዳቱን መዝግቡና የጣሪያው ፍሳሽ ይቅደም። ፍሳሹ ሳይቆም ሥዕል ማከም ሥራውን በሁለት ዓመት መድገም ነው።

4. ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ድርሻችሁን በቁጥር አስቀምጡ

ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ውሳኔ ይስፈር፦ ጥገናው እንዲጠየቅ፣ ማን እንደሚፈርምና የአካባቢው ሰው ምን እንደሚያወጣ። "ሕዝቡ በጉልበቱ ይተባበራል" አይበቃም። 30 ሰው ለ4 ቀን ድንጋይ ካመላለሰ 120 የሰው ቀን ነው፤ በወረዳው የቀን ሠራተኛ ዋጋ አባዙትና በብር አስቀምጡት። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የጽድ እንጨት የሚሰጥ ካለ መጠኑን በሜትር ኩብ ወይም በቁጥር ጻፉ።

ሒሳቡ በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ይሁን። ከሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ጋር የተደባለቀ ሒሳብ ሲዘጋ የማይፈታ ክርክር ያመጣል።

5. ሥራውን በምዕራፍ ከፋፍሉና ዋጋ አውጡ

ቢኦኪው የሚሉትን የሥራ መጠንና ዋጋ ሰንጠረዥ የወረዳው ወይም የዞኑ መሐንዲስ እንዲያዘጋጅ ጠይቁ፤ ልኬቱን ግን ከላይ በሠራችሁት ፕላን ላይ ያቁም። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጣሪያና የውኃ መውረጃ፣ ከዚያ መሠረትና ግድግዳ፣ ከዚያ ሥዕልና እንጨት። ሦስቱን በአንድ ትልቅ ድምር ከጠየቃችሁ የወረዳው የበጀት ጣሪያ ስለማይፈቅደው ሁሉም ይቀራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን ሲጠናቀቅም ቅርሱን የሚያድን መሆን አለበት።

የኖራ ማልታ (ከአሸዋ ጋር የቦካ የድንጋይ ማያያዣ) መጠን ለምሳሌ እንዲህ ይወጣል። 40 ካሬ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ መጋጠሚያው እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይሞላ እንበል። መጋጠሚያው ከግድግዳው ፊት ሩቡን ያህል ይይዛል፤ 40 × 0.25 × 0.04 = 0.4 ሜትር ኩብ። ለተቦረቦረውና ለሚባክነው ግማሹን ጨምሩ፦ 0.6 ሜትር ኩብ። አንድ እጅ የቦካ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ስለሚገባ፣ ኖራው የአሸዋውን ክፍተት ይሞላልና አሸዋው ራሱ 0.6፣ ኖራው 0.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን ያህል ለማቡካት 100 ኪሎ ያህል ውኃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ ይበቃል።

የገንዘቡ አደማመር፦ የሥራው ዋጋ 100,000 ብር ቢሆን፣ ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ሲጨመር 110,000፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16,500፤ ድምሩ 126,500 ብር። ታክሱን ረስቶ 110,000 የጠየቀ ደብር ቆርቆሮው ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቅበታል።

የጊዜ ሰሌዳ ስትሠሩ ወሩን በ30 የሥራ ቀን አትቁጠሩ። ቅዳሜና እሑድ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ ሲወጡ የሚቀረው ከ16 እስከ 19 ቀን ነው። ይህን ያልቆጠረ ኮንትራክተር መጀመሪያ ያጓትታል፣ በኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል።

6. ገንዘቡን ሳታገኙ ፈቃዱን ጠይቁ

ብዙዎች ገንዘቡን አስቀድመው ፈቃዱን ያስከትላሉ፤ ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ፕላኑን፣ ፎቶዎቹንና የሥራ ዝርዝሩን በሦስት ቅጂ አስጠርዙና በወረዳው በኩል አስገቡ። መንገድ ተዘግቶ ባለሙያ መምጣት ካልቻለ ሙሉው የፎቶ ማኅደር በፍላሽ ተደርጎ ይላክ፤ በደንብ የተቆጠረ ማኅደር ካለ ቢያንስ የጣሪያው ጉዳይ በወረቀት ሊታይ ይችላል።

ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ቁስ አጥብቃችሁ ያዙ። "ኖራ" ተብሎ ከተፈቀደ በሲሚንቶ መሥራት ፈቃዱን መጣስ ነው።

7. ደብዳቤውን በሁለት መንገድ ላኩ

በመንግሥት በኩል፦ ቀበሌ፣ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም፣ ዞን መምሪያ፣ ክልል ቢሮ። ዞኑ ለምሥራቅ ጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ለምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላም፣ ለአዊ እንጅባራ ነው። በቤተ ክህነት በኩል፦ ሰበካ ጉባኤ፣ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከት። አንዱ ለሌላው ግልባጭ ይድረሰው፤ አለዚያ ባለበጀቱ "ሀገረ ስብከቱ ያውቀዋል?" ብሎ መልሶ ይልካችኋል። ቅርሱ ሁለት ዞን የሚነካ ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው የዓባዩ ሰባራ ድልድይ ዓይነቱን በአንድ ዳር ብቻ የሚጀምር ሰው መካከል ላይ ይቆማል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ ለመግባት ማኅደሩ እስከ ጥር ድረስ ዞን ይድረስ፤ ግንቦት ላይ የመጣ ጥያቄ በተከፋፈለ በጀት ላይ የመጣ ነው። የደብዳቤውን የገቢ ቁጥርና ቀን በቅጂያችሁ ላይ ሳታስጽፉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ሲጠፋ አልገባም ነው የሚባለው።

8. ገንዘቡ ሲለቀቅ፦ የሰኔ 30 ወጥመድ

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በወረዳው ሒሳብ የሚወጣ ከሆነ ያልተሠራበት ሰኔ 30 ላይ ይመለሳል። ሰኔ ደግሞ ለኖራ ሥራ የማይሆን ወር ነው፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ሲገናኝ ስለሆነ እርጥብ ግድግዳ ላይ ሳይጠነክር ይታጠባል። "ገንዘቡ ይመለሳል" ብሎ በሰኔ ዝናብ ግድግዳ መለሰን፣ ወይም በፍጥነት ይደርቃል ብሎ ሲሚንቶ መግባት፣ ሁለቱም በሚቀጥለው ዓመት ያስከፍላል።

መውጫው ግዥውንና ሥራውን መለየት ነው፦

- ሰኔ 30 ሳይደርስ ኖራውን፣ ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ቆርቆሮውን ግዙና በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጉ።
- ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ አብርዱና (ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አቡኩና) ከላዩ ውኃ አቁማችሁ አክርሙት። ኖራ ውኃ ሥር በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ክረምቱ እንዲያውም ይጠቅመዋል።
- አሸዋውን ሞክሩ፦ ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር አናውጡትና አንድ ቀን አስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ።
- ግንባታው በጥቅምት ይጀመር። የተሞላውን መጋጠሚያ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ፤ የበጋ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይፈረፈራል።
- የግንበኛው ክፍያ በአዲሱ ዓመት በጀት ወይም በማኅበረሰቡ ድርሻ እንዲሸፈን ውሉ ላይ ቀድማችሁ አስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውኃ ያልነካው ኖራ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይፈላል። ኖራውን ወደ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ውኃውን ኖራው ላይ አትድፉ፣ ይፈነጥራል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ፤ ጉድጓዱ ይታጠር፤ ሕፃናትና ከብት አይቅረቡ። ዓይን ከገባ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብና ወዲያው ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የውኃ መውረጃ ቦይ ስትቆፍሩ የጥንት ግንብ፣ መቃብር ወይም የሸክላ ስብርባሪ ከወጣ ቁፋሮውን አቁሙ። የአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የወጣውን በቦታው በሸራ ሸፍኑ፤ አትጠቡት፣ ወደ ዕቃ ቤትም አታግቡት። ከአፈሩ ከተለየ ዕድሜውን የሚናገር ማስረጃ ይጠፋል።

9. ሒሳቡን ዝጉ

ገቢ የሆነው ዕቃ ሁሉ በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ይታይ። ከጥገና በፊት ፎቶ በተነሣበት ቦታ ቆማችሁ በኋላም አንሡ፤ ቁጥሩ ያው ይሁን። የተረፈ ዕቃ በቃለ ጉባኤ ተቆጥሮ ይረከብ። የሁለተኛው ምዕራፍ ጥያቄ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ፋይል ነው።

ሌላ በር

የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የባህል ቅርስ ጥበቃ ፕሮግራም አለው፤ ጥያቄው በኤምባሲው በኩል ያልፋል። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ከላይ ያለው ማኅደር ሳይለወጥ ያገለግላል፤ የባለሥልጣኑን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዙበት። የዓለም ቅርስ ፈንድን ግን አትጠብቁ፤ ጎጃም ውስጥ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ የለም። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ነው፤ የዚያ መዝገብ ለሕንፃ ጥገና ገንዘብ አያስገኝም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- የእርሻ ኖራ መጠቀም። ግብርና ጽሕፈት ቤት ለአሲዳማ መሬት የሚያከፋፍለው የተፈጨ ያልተቃጠለ ድንጋይ ነው፤ ከአሸዋ ጋር ቢቦካም አይያያዝም። በርካሽ ስለሚገኝ ያታልላል።
- በሲሚንቶ መለሰን። ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፣ እርጥበቱንም ያፍናል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይልጠዋል።
- አጥር፣ መጸዳጃ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ከጥገናው ጋር መጠየቅ። ገምጋሚው የሚሰርዘው እነሱን ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ዝርዝሩን ለማስተካከል ይመልሰዋል፣ ዓመቱም ያልፋል።
- "እድሳት" ብሎ ጠይቆ አሮጌውን አፍርሶ ሰፊ አዲስ መሥራት። ገንዘቡ ይጠየቅበታል፤ የፈረሰው ደግሞ ከመዝገብ ይወጣል።
- የዘመን አቆጣጠር ማደባለቅ። ለውጭ አካል በሚጻፈው ላይ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ፤ የሥራ ማብቂያ ተብሎ 2018 ዓ.ም. የተጻፈው እ.ኤ.አ. ሆኖ ከተነበበ ሥራው ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል።
- ሦስቱንም ፕሮፎርማ ከአንድ ነጋዴ ዘመዶች መሰብሰብ። የእጅ ጽሑፉና የተሳሳተው ፊደል ይመሳሰላል፤ ኦዲተሩም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።